ከፊት የሚመጣ መብራት ዓይን ሲወጋ

ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ማታ የነዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መንገዱ ቀጥ ያለ በመሆኑ ከፊት የሚመጣ ተሳቢ መብራት ገና ከሩቅ ይታያል። ይቀርባል፣ ይቀርባል፣ መጨረሻ ላይ ዓይን ይወጋል። ከሁሉም የከፋው ግን መኪናው ሽው ብሎ ካለፈ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። መብራቱ ሄዷል፤ ዓይን ግን ገና አልተመለሰም። የአስፋልቱ ጠርዝ የት እንደሆነ፣ ከፊት ግመል ይቁም ሰው ይሻገር አይታይም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ዓይንዎ ለመመለስ 3 ሴኮንድ ቢፈጅበት 66 ሜትር ያህል ሳያዩ ነዱ ማለት ነው።

ብዙዎቻችን የምንጨነቀው መብራቱ ፊታችን ላይ ባለበት ሰዓት ነው። አደጋው ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ሴኮንዶችም ሊደርስ ይችላል፤ ለእነሱ የሚዘጋጁት ደግሞ መብራቱ ከመድረሱ በፊት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእነዚያ ሴኮንዶች ዝግጅት ነው።

ዓይን ውስጥ ምን ይፈጠራል?

በጨለማ የዓይናችን ብሌን ይሰፋል፤ በወጣት ሰው እስከ 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ኃይለኛ መብራት ሲመጣ ወዲያው ይጠባል፤ መልሶ ለመስፋት ግን ይዘገያል። በዓይን ጀርባ ላይ ያሉት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳትም ለጨለማ ሙሉ በሙሉ ለመላመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋሉ፤ አንድ ረጅም መብራት የዚህን ልፋት ከፊሉን ያጠፋዋል። ከዚህም በላይ ብርሃኑ ዓይን ውስጥ ሲገባ ይበተንና በምናየው ነገር ሁሉ ላይ እንደ ጭጋግ ይጋረዳል። መብራቱ ገና ሳያልፍ ከጎኑ የቆመውን ሰው የማናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕድሜ ሲጨምር ብሌን እንደ ድሮው አይሰፋም፤ የዓይን ሌንስም ይደፈርሳል፣ የሚበትነው ብርሃንም ይበዛል። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ጀርባ ላይ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ልጅዎ አጠገብዎ ተቀምጦ «አባዬ፣ ይሄ መብራት እኮ ምንም አይልም» ቢልዎት አይከራከሩት፤ እሱም ልክ ነው፣ እርስዎም ልክ ነዎት። ፍጥነትዎን የሚወስኑት ግን በራስዎ ዓይን ነው።

መጀመሪያ መስታወቱን

ከመነሳትዎ በፊት የሚሠሩት የመጀመሪያው ሥራ የፊት መስታወቱን ማጽዳት ነው፤ ያውም ከውስጥ በኩል። ከውጭ ያለውን ጭቃና ትንኝ ሁሉም ሰው ያጥበዋል። የውስጡ ግን ይረሳል። ሞቃት ቦታ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ከሙቀቱ የተነሳ ስስ ቅባት ያተናል፤ ይህ ቅባት ከአቧራ፣ ከትንፋሽና ከሲጋራ ጭስ ጋር ተቀላቅሎ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ቀን ቀን አይታይም። ማታ ከፊት መብራት ሲመጣበት ግን መስታወቱ በሙሉ ነጭ ይሆናል።

ማረጋገጥ ከፈለጉ በጣትዎ መስታወቱ ላይ ከውስጥ አንድ መስመር ይሳሉ፤ ከዚያ የእጅ ባትሪ ከውጭ አስበርተው ከሹፌሩ ወንበር ይመልከቱ። ጣትዎ ያለፈበት መስመር ጠርቶ ዙሪያው ከደበዘዘ ችግሩን አገኙት። ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በውኃ በጥብጠው በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ቀጥሎ በሌላ ደረቅ ጨርቅ እስኪጠራ ይወልውሉት። ረዳቱ ሞተር የጠረገበት ጨርቅ ቅባቱን ከማሰራጨት ሌላ ጥቅም የለውም። የዝናብ መጥረጊያው ጎማ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ይቀይሩት፤ አቧራ ይዞ መስታወቱን ይጭረዋል፣ ጭረቱ ደግሞ ማታ እያንዳንዱን መብራት በረጅም ጨረር ይሰነጥቀዋል።

የፊት መስታወት ላይ የሚንጠለጠለው ዘርፍ፣ የሚለጠፈው ጽሑፍና ሥዕል ያማረ ይሆናል፤ ከመስታወቱ የላይኛውና የጎን ክፍል ላይ የሚወስደው እይታ ግን ማታ በጣም ያስፈልጋል። ታክሲ ውስጥ የሚበሩት ባለቀለም ጌጥ መብራቶችም ሹፌሩ አካባቢ ካሉ ይጥፉ። የክሩስኮቱን መብራት ዝቅ ያድርጉት፤ አቅጣጫ የሚያሳይዎት ስልክ ካለ ብርሃኑን ዝቅተኛ ላይ ያድርሱት። መኪና ውስጥ ያለው ብርሃን ባነሰ መጠን ውጭ ያለው የተሻለ ይታያል።

የእርስዎ መብራት ሌላውን እንዳያውር

ይህን ክፍል ሳይዘሉ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ማታ መንገድ ላይ «መብራት ቀንስ!» እያልን ከምናማርራቸው ሹፌሮች ብዙዎቹ አጭር መብራት ላይ ናቸው። መብራታቸው የተዛባ መሆኑን አያውቁም። እርስዎም ከእነሱ አንዱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከሹፌሩ ወንበር ሆኖ ይህን ማወቅ አይቻልም። በግድግዳ ግን ይታወቃል።

ጎማዎቹ ትክክለኛ ንፋስ ይኑራቸው። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ፣ ከግድግዳ ፊት ለፊት፣ የፊት መብራቱ ከግድግዳው 10 ሜትር እንዲርቅ አድርገው ያቁሙት፤ ግቢው ጠባብ ከሆነ 5 ሜትርም ይበቃል። ወንበሩ ላይ አንድ ሰው ይቀመጥ። የመብራቱ መሃል ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ለክተው ያንኑ ከፍታ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ያስምሩ። ከዚያ ሲመሽ አጭር መብራት ያብሩ። ብርሃኑ ከላይ ተቆርጦ የሚያልቅበት መስመር ከጠመኔው መስመር በታች መሆን አለበት፤ በ10 ሜትር ርቀት ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር፣ በ5 ሜትር ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር። ከጠመኔው ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ መብራትዎ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ላይ ነው ያለው። አንዱን መብራት በካርቶን እየጋረዱ ሌላውን ለየብቻ ይዩ። ማስተካከያው ብዙ ጊዜ ከመብራቱ ጀርባ ያለ ብሎን ነው፤ እጅዎ ካልለመደ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ቶሎ ይሠራልዎታል።

ግድግዳው ፊት ቆመው ሌላም ነገር ይመልከቱ። በቀኝ በኩል ለሚነዳበት አገር የተሠራ አጭር መብራት በግራ በኩል ዝቅ ብሎ ቀጥ ያለ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ወደ ላይ ያዘነበለ ነው፤ የመንገዱን ቀኝ ዳር አርቆ እንዲያሳይና ከግራ የሚመጣውን እንዳያውር ተብሎ ነው። በጃፓንና በእንግሊዝ የሚነዳው በግራ ስለሆነ ለእነሱ የተሠራው መብራት የዚህ ተቃራኒ ነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረለት መኪና ገዝተው ከሆነ መሪው ሲዛወር የፊት መብራቱ ላይቀየር ይችላል። ግድግዳው ላይ ብርሃኑ በግራ በኩል ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ያ መኪና አጭር ላይም ሆኖ ከፊት የሚመጣውን ሁሉ ይወጋል። ብሎን ማጥበቅና ማላላት ይህን አያስተካክለውም፤ መፍትሔው ለቀኝ መንገድ የተሠራ መብራት ማስገጠም ነው። ወጪ አለው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ያ መብራት በየምሽቱ ስንት ሰው እንደሚያውር ያስቡት።

አምፖልም ጉዳይ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ያለው ኤች 4 የሚባለው ሃሎጅን አምፖል ለረጅም 60 ዋት፣ ለአጭር 55 ዋት ነው፤ ከመብራቱ ውስጥ ያለው አንጸባራቂ የተቀረጸው የዚህ አምፖል ክር ያለበትን ቦታ በሚሊ ሜትር ለክቶ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ነጭ ኤል ኢ ዲ ወይም ዜኖን ሲከቱበት ብርሃኑ መውጣት ካለበት ቦታ ሳይሆን ከሌላ ቦታ ይወጣል፣ ስለዚህ ወደ ላይም ወደ ጎንም ይረጫል። ለባለቤቱ ከፊቱ ያለው አስፋልት ነጭ ስለሚሆን የተሻለ ያየ ይመስለዋል፤ ርቀት ላይ ያለው ግን ብዙ ጊዜ አልጨመረም። ሃሎጅኑንም ሲቀይሩ በጉድጓዱ በትክክል መቀመጡን ይዩ፤ ተጣሞ የገባ አምፖል ብርሃኑን ይበትናል። ባውዛ ካለዎት ከፊት መኪና ሲመጣም ሆነ ሌላ መኪና ሲከተሉ ይጥፋ።

ጭነትም መብራትን ያነሳል። ከኋላ የከበደ አይሱዙ፣ ፖርቶ መጋላው የሞላ ሚኒባስ ወይም የኋላ ኮፈኑ የተሞላ የቤት መኪና ኋላው ዝቅ ሲል አፍንጫው ቀና ይላል፤ ትናንት ልክ የነበረው መብራት ዛሬ ሰማይ ያያል። ብዙ መኪና ላይ ከመሪው አጠገብ 0፣ 1፣ 2፣ 3 የተጻፈባት ትንሽ ማዞሪያ አለች። ባዶ ሲሆኑ 0፣ ጭነት ሲበዛ ወደ 2 እና 3 ያዙሯት። ዓመት ሙሉ ያልተነካች ማዞሪያ ያላት መኪና ስንት ናት!

መኪናው ከፊት ሲመጣ

መብራቱን ከሩቅ እንዳዩ፣ ገና ዓይንዎ ሳይወጋ፣ አምስት ነገር በተከታታይ ያድርጉ።

አንደኛ፣ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ያንሱ። ፍሬን በድንገት አይያዙ፤ ከኋላ ያለው እርስዎ ያዩትን አላየም። አጭር መብራት በአብዛኛው የሚያሳየው ወደ 50 ወይም 60 ሜትር ነው። በሰዓት 80 የሚሄድ ሰው አይቶ እስኪያቆም በደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ 70 ሜትር ያህል ይፈጅበታል፤ በ60 ከሆነ ግን 45 ሜትር አካባቢ ያቆማል። ወደ አጭር መብራት ሲቀይሩ ፍጥነትም አብሮ መቀነስ ያለበት በዚህ ስሌት ነው።

ሁለተኛ፣ ቀድመው እርስዎ ወደ አጭር ይቀይሩ። «እሱ ሲቀንስ እቀንሳለሁ» የሚለው ጥበቃ ሁለታችሁንም ይጎዳል፤ ሁለት በ80 የሚሄዱ መኪኖች በአንድ ሴኮንድ 44 ሜትር ይቀራረባሉ፣ 200 ሜትር የሚያልቀው ከአምስት ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ኩርባ ወይም ዳገት ላይ ከሆኑ መኪናው ሳይታይ ከወዲያ በኩል የሚመጣውን የብርሃን ጮራ ብቻ አይተው ይቀንሱ። ከጎሐ ፅዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርዱ ይህ ልማድ በየኩርባው ያስፈልግዎታል።

ሦስተኛ፣ መብራቱ ገና ሩቅ ሳለ በመሃከላችሁ ያለውን መንገድ ይቃኙ። የሚመጣው መብራት በዚህ ጊዜ ጠላት አይደለም፤ ከፊቱ የሚሻገር ሰው ወይም አህያ ካለ ጥቁር ቅርጽ ሆኖ ይታያል፣ ወይም መብራቱ ለአፍታ ይቋረጣል። አንዱ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ አንድ ነገር በፊቱ አለፈ ማለት ነው። የመንገዱ ቀኝ ዳር ወዴት እንደሚሄድ፣ ድልድይ ይኑር አይኑር በአእምሮዎ ይያዙ።

አራተኛ፣ ሲቀርብ ዓይንዎን ከመብራቱ አንስተው ወደ ቀኝ የመንገድ ዳር፣ ነጩ መስመር ላይ ያሳርፉ። መስመር ከሌለ አስፋልቱና ኮረቱ የሚገናኙበትን ይከተሉ። መብራት ዓይንን ይስባል፤ ሹፌር ደግሞ ወደሚያይበት ነው የሚነዳው፣ ስለዚህ አተኩረው ካዩት ሳይታወቅዎ ወደ መሃል መስመር ይጠጋሉ። ነገር ግን ጠርዙን ሲከተሉ አስፋልቱን አይልቀቁ፤ እግረኛው፣ ጋሪውና ብስክሌቱ ያሉት እዚያው ነው። ብዙዎቹ ጥቁር ልብስ ለብሰዋል። ነጭ ጋቢ የለበሱ አባት ከሩቅ ይታያሉ፤ ጥቁር ጃኬት ያደረገው ልጃቸው ግን አጠገባቸው እየሄደ አይታይም።

አምስተኛ፣ የመጪው መኪና ጋቢና ከእርስዎ ጋር ሲተላለፍ፣ ከኋላው ሌላ መኪና ከሌለ፣ ያኔውኑ ረጅም መብራት ያብሩ። ጨለማው ሊውጥዎ ባለበት ቅጽበት ነው ብርሃን የሚያገኙት። ፍጥነት የሚጨምሩት ግን መንገዱ በደንብ ሲታይዎ ነው። በተለይ ከተሳቢ ኋላ ያለው ጥቁር ቦታ ላይ ይጠንቀቁ፤ ያን ተሳቢ ለመቅደም የወጣ ሌላ መኪና ሊኖር ይችላል። ተበላሽቶ የቆመ መኪና፣ ከኋላው የተደረደረ ድንጋይ ወይም የተጣለ ቅጠል የሚገኘውም እንዲህ ባለው ጨለማ ውስጥ ነው። ድንጋዩን ያኖረው ሰው መኪናውን ጠግኖ ሲሄድ ሳያነሳው የሄደበትም ጊዜ ብዙ ነው።

ሹፌሩ መብራት ባይቀንስልዎስ? ገና ሩቅ እያለ አንድ ጊዜ ብልጭ አድርገው ያስታውሱት። ካልሰማ ይተዉት። እልህ ተጋብተው ረጅሙን ቢለቁበት መንገዱ ላይ የነበረው አንድ የታወረ ሹፌር ሁለት ይሆናል፣ ዓይኑን እርስዎ ያጠፉበት ሁለተኛው ሹፌር ደግሞ ወደ እርስዎ በፍጥነት እየመጣ ነው።

አንድ መብራት ብቻ ሲመጣ ሞተር ሳይክል ወይም ባጃጅ ነው ብለው አይደምድሙ። የግራ አምፖሉ የተቃጠለ ሲኖትራክም አንድ መብራት ነው የሚታየው፣ ሰውነቱ ግን በጨለማው ውስጥ ወደ እርስዎ በኩል አለ። ሙሉ መኪና እንደሆነ ቆጥረው ቦታ ይስጡት።

ከኋላ ሲመጣ

በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ መመላለሻው ተለያይቶ ስለተሠራ የፊት መብራት ያን ያህል አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ከኋላ የሚጠጋው ነው። መሃል ላይ ካለው የኋላ ማሳያ መስታወት ሥር ያለችውን ትንሽ ማንሻ ይገልብጧት። መስታወቱ የሽብልቅ ቅርጽ ስላለው ሲገለበጥ ብርማው ጀርባ ወደ ጣሪያው ያይና ዓይንዎ ጋ የሚደርሰው ከብርጭቆው ፊት የሚመለሰው 4 በመቶ ያህል ብርሃን ብቻ ይሆናል። የጎን ስፖኪዮ መብራቱን ዓይንዎ ላይ የሚያሳርፍ ከሆነ ራስዎን ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያድርጉ፤ ስፖኪዮውን ሙሉ በሙሉ ማዞር ግን አደገኛ ነው። ከዚያ በቀኝ ረድፍ ሆነው ያሳልፉት።

እርስዎም መኪና ሲከተሉ ረጅሙን ያጥፉ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፣ ከፊት ለሚመጣ ብቻ የሚቀንስ።

ዝናብ፣ ጉም

እርጥብ አስፋልት የእርስዎን ብርሃን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ የሌላውን ደግሞ ወደ ዓይንዎ ያመጣዋል፤ የመንገድ ቀለም ይጠፋል። በክረምት ማታ ፍጥነቱ በደረቅ ከለመዱት በእጅጉ መቀነስ አለበት። ጣርማ በር ላይ እንደሚያጋጥመው ባለ ጉም ውስጥ ደግሞ ረጅም መብራት ከጉሙ ተመልሶ ራስዎን ያውራል፤ አጭሩን ብቻ፣ ካለም ዝቅ ብሎ የተገጠመውን የጉም መብራት ይጠቀሙ።

ዓይንዎን ያስመርምሩ፣ ጫቱን ይተዉ

በመብራት ዙሪያ ቀለበት የሚታይዎ ከሆነ፣ መብራቱ እንደ ቀድሞው ሳይሆን በጣም የሚበተንብዎ ከሆነ ወይም ማታ መንዳት ከዓመት ዓመት እየከበደዎ ከመጣ ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሲጀምር አንዱ ምልክቱ ይኸው ነው፤ በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ዋናው ምክንያት ሆኖ ሳለ በቀዶ ሕክምና የሚድን በሽታ ነው። ሲመሽ ጭራሽ የማየት ችግር ካለብዎ ዳፍንት ሊሆን ስለሚችል እሱንም ይንገሩት። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ ሌንሱ ነጸብራቅ የሚከላከል ሽፋን ያለው ቢሆን ይረዳል፤ ንጹሕ ይሁን።

«የማታ መንጃ» እየተባለ የሚሸጠውን ቢጫ መነጽር አይግዙ። ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን ጭራሽ ይቀንሳል። በአሜሪካ የሼፐንስ የዓይን ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት ቢጫ መነጽር ያደረጉ ሰዎች ማታ እግረኛን በማየት ካላደረጉት አልተሻሉም። ጥቁር መነጽር ማድረግማ የባሰ ነው።

ስለ ጫት ደግሞ ብዙ ሹፌር የማያውቀው ነገር አለ። እንቅልፍ ለማባረር የሚቃመው ጫት የዓይን ብሌንን ያሰፋል። በምርቃና የሚነዳን ሰው ከፊት የሚመጣው መብራት ከሌላው ይልቅ ይወጋዋል፤ ብሌኑ እንደሚገባው ስለማይጠብም የሚገባው ብርሃን ይበዛል። የነቃ ይመስለዋል፤ መንገዱን ግን አያይም። እንቅልፍ ከመጣ መድኃኒቱ መተኛት ብቻ ነው። በመብራት የደከመ ዓይንም በየሁለት ሰዓቱ ቆም ብሎ ቢያርፍ ሌሊቱ ይቀልለዋል።

ጨርሶ የማይታይ ሲሆን

አንዳንዴ ሁሉንም አድርገውም መብራቱ ይበረታል። ያኔ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ አይጠምዝዙ። ፍሬኑን በቀስታ ነክተው የኋላ መብራትዎ ከኋላ ያለውን እንዲያስጠነቅቅ ያድርጉ፤ የቀኙን ጠርዝ እየተከተሉ ያዝግሙ። መቆም ካስፈለገ ሙሉ በሙሉ ከአስፋልቱ ወርደው ይቁሙ፣ ግማሽ ጎማ አስፋልት ላይ አይተዉ። አራቱን ፍሬቻ ያብሩ። የፊት መብራቱን ግን ያጥፉና የፓርኪንጉን ብቻ ያስቀሩ፤ የቆመ መኪና የፊት መብራት የሚመጣውን ሰው ያውራል፣ መንገዱ በዚያ በኩል የሚያልፍም ያስመስለዋል። ሦስት ማዕዘኑን አንጸባራቂ ከመኪናው ጀርባ ቢያንስ 50 ሜትር ርቀት ላይ፣ ኩርባ ካለ ከኩርባው ወዲያ ያኑሩ። ሲያኖሩ በመንገዱ ሳይሆን በዳሩ ይሂዱ፣ የእጅ ባትሪዎን መሬት ላይ እያበሩ። ሲነሱም መልሰው ይዘውት ይሂዱ፤ ድንጋይ አድርገው ከሆነም እያንዳንዱን አንስተው ከመንገዱ ይጣሉ።